ቅቤ የተቀባው ዋንዛ

በእርሻ ትምህርት ቤት በአንደኛ ዓመቴ አስተማሪያችን ከጉደር በታች ባለው ሸለቆ ለቡና የሚስማማውን መሬት በካርታ ላይ እንዳሰፍር ላኩኝ። የሚስማማውን አረንጓዴ እንድቀባ፣ የመንግሥት ደን፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም ሕዝቡ የሚያከብረው ዛፍ ካጋጠመኝ ግን ዙሪያውን በክብ መስመር ከብቤ ውስጡን ነጭ እንድተወው አዘዙኝ።

ሰዎቹ አላመኑኝም። ሰላምታዬን በኦሮምኛ ሲመልሱ እንኳ ዓይናቸው ከያዝኩት የመለኪያ ገመድ አይነሳም። የአካባቢው ባላባት በዚህ ካርታ ተመርቶ ቡና ሊያስተክል እንዳሰበ፣ አረንጓዴ በተቀባ ማሳ ላይ ያለ ጭሰኛም እንደሚነሳ ከእኔ በፊት ሰምተዋል።

አንድ ሽማግሌ ጭሰኛ ማሳቸው መካከል ወደቆመ ዋንዛ ወሰዱኝ። ግንዱ ቅቤ ተቀብቷል፤ ሥሩ ላይ እርጥብ ሣር ተጎዝጉዟል። ከአያቶቻቸው ጀምሮ የሚከበር ነው አሉኝ። ግንዱን ግን ባቅፈው እጆቼ በቀላሉ ይገናኙ ነበር። ቅቤው አልደረቀም፤ ከአዲሱ ቅቤ ሥርም አሮጌ ቅባት አላየሁም። ጠረጠርኩ።

በዚህ መሐል የባላባቱ ወኪል በበቅሎ ደረሰ። ወርዶ ቅቤውን በጣቱ ዛቅ አደረገና አሸተተው።

«የትናንት ነው» አለ።

«ኤዬ፣ ነው ጌታዬ። በየዓመቱ ይታደሳል» አሉ ሽማግሌው።

«ስንት ዓመት በዚህ ሳልፍ አንድ ቀን ቅቤ አላየሁበትም። በል ቁረጠው።»

ሽማግሌው ጎጇቸው ገብተው መጥረቢያ ይዘው ወጡ። በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

«እኔስ አልደፍርም። ካላመኑ ጌታዬ ይቁረጡት።»

ወኪሉ ተቀበለ። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ቅርንጫፉን ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የተማርክ ነህ፣ እንዲህ ያለ ነገር አትፈራም። እስቲ ጀምረው።»

የታዘዝኩት መሳል ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። መጥረቢያውን ከዛፉ ራቅ አድርጎ አስቀመጠና በቅሎው ላይ ወጣ። ሲሄድ ቅቤ የነካውን ጣቱን ልብሱ እንዳይነካ ከሰውነቱ አርቆ ይዞት ነበር።

ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ጭምር ነው ብዬ ክቡን ሰፋ አድርጌ ሳልኩት፤ ማሳው በሙሉ ውስጡ ገባ። ሽማግሌው ካርታው ላይ አጎነበሱ።

«ይህ እርሳስ ነው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«በቀለም አድርገው።»

ብዕር አውጥቼ እስክደግምበት ከአጠገቤ አልተንቀሳቀሱም። ካርታውን ልጠቀልል ስል እጄን ያዙኝና ቀለሙ እስኪደርቅ አብረን ቆምን።