በስልክ መደወያ የሚቀርጸው መኪናዬ

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ባዶ ቦታ አይወድም ነበር። ቀድሞ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። አብዮቱ ሲመጣ ጃንጥላውን አጥፎ ሽጉጥ ታጠቀ፤ የጸሐፊነት አመሉ ግን አብሮት ቀረ። ለበላይ በሚልከው ሪፖርት ውስጥ ምንም ያልተሠራበት ቦታ ካለ ዜሮ ይሞላበታል። ባዶ የተተወ ቦታ ያስጠረጥራል ባይ ነው። ስብሰባ ላይም ቆሞ አፉን ሞልቶ «በዚህ ወር የተያዘ አድኃሪ፣ ዜሮ! የቀረበ አቤቱታ፣ ዜሮ!» ይላል፤ እኛም እናጨበጭባለን። በዚያው ሳምንት አቤቱታ ያቀረበ ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ። እሱንም ንቄዋለሁ፤ ሊቀ መንበሩን የናቅኩትን ያህል ግን አይደለም።

እኔ በደብረ ብርሃን የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ቀን ምሰሶ እወጣለሁ፣ ሽቦ እቀጥላለሁ። ከሥራ ስመለስ እንጨት እቀርጻለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። ለዚሁ ብዬ ጓዳ ውስጥ ከብረት ቁርጥራጭ አንድ መኪና ሠርቼ ነበር። ሳንቃው የሚታሰርበት ጠረጴዛ በሁለት ረጃጅም ብሎኖች ይነዳል፤ አንዱን እጀታ ሳዞር ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሌላውን ሳዞር ወደ ፊት። ከላይ በልብስ ስፌት መኪና ሞተር የሚሽከረከር ስለት አለ። ፔዳል ስረግጥ ስለቱ ወርዶ እንጨቱን ይበላል፣ ስለቅ ይነሳል። በዚህ መኪና ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ የሣጥን ክዳን ላይ ሐረግ ቀርጫለሁ።

አንድ ክረምት፣ የአንኮበር መስመር ላይ፣ ጎረቤላ ሳልደርስ፣ ሥሩ ከበሰበሰ ምሰሶ ጋር አብሬ ወደቅኩ። ቀኝ አንጓዬ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ ሐኪም ጀሶ አደረገበት፤ አንዱ ያቃናውን ሌላው እያጣመመ ሁለቱም ድርሻቸውን ተወጡ። ከዚያ ወዲህ እጀታ አስተካክዬ ማዞር አልቻልኩም። የምቀርጸው ሐረግ ሁሉ የሰካራም አካሄድ ሆነ። መሥሪያ ቤቴ ከምሰሶ አውርዶ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። እሱን ቻልኩት። ማታ ማታ ጓዳ ገብቼ መኪናውን ማየት ግን አልቻልኩም። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሚስቴ አይታ እንዳላየች አለፈች።

መላው የመጣልኝ ከአዲስ አበባ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ሁለት አሮጌ የስልክ መደወያዎች ካገኘሁ በኋላ ነው። የመደወያ ነገር ቀላል ነው። ሦስት ቁጥር ላይ ጣትህን ከተህ አዙረህ ስትለቀው፣ ተመልሶ ሲመጣ መስመሩን ሦስት ጊዜ ያቋርጠዋል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ምቱን የሚቀበል ማግኔት አዘጋጀሁ፤ ማግኔቱ ብሎኑ ላይ የገጠምኩትን ማርሽ በየምቱ አንድ ጥርስ ይገፋዋል። እጀታዎቹን ፈትቼ ጣልኩና ለአንዱ ብሎን አንድ መደወያ፣ ለሌላው ሌላ መደወያ አደረግኩ። አምስት ስደውል ጠረጴዛው አምስት ጥርስ ይሄዳል፤ አይበልጥም፣ አያንስም። አንድ ደህና ጣት ይበቃል። ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስልክ መደወያ ላይ ዜሮ አሥር ምት ነው። እንዳይሄድ የምትፈልገውን መደወያ አትነካውም፣ በቃ።

የመጀመሪያውን ሐረግ ስጨርስ ሚስቴ በጣቷ ተከትላው እስከ ጫፉ ሄደች። «እጅህ መጣ» አለችኝ። ከዚያ በላይ የተናገረችኝ ደግ ነገር ትዝ አይለኝም።

በዚያ ዘመን ግን ከአንድ ሰው ጓዳ የመደወያ ድምፅ ከተሰማ ወሬው ቀበሌ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅም። ሊቀ መንበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ።

«ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?»

«ከሳንቃ ጋር ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«አትቀልድ! ሽቦው የት ነው የሚሄደው?»

ሽቦውን ከመደወያው እስከ ማግኔቱ አሳየሁት፤ አንድ ክንድ አይሞላም። ጠባቂዎቹ ግድግዳውን ቆረቆሩ፣ አልጋዬን ገለበጡ። አሁንም አላመነኝም። ሳንቃ አስሬ ስደውል፣ ጠረጴዛው ሲሄድና ስለቱ ሲበላ ሲያይ ግን ዓይኑ በራ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ የሰው በግ አይቶ ሥጋው የታየው ሰው ዓይን ነው።

«እንዲህ ያለ መሣሪያ በግለሰብ ጓዳ? ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ በሕዝብ ፊት ዓርማችን ይቀረጽበታል። ከዚያ ለቀበሌው አናጺዎች ማኅበር ገቢ ይሆናል።»

«እኔ በእጀታ መሥራት አልችልም፣ ጓድ። እጄ...»

«ማኅበሩ እጅ አያጣም።»

ስለ እጅ የነገርኩትን የሰማው እንዲህ ነው። ደሜ ፈላ። ሽጉጡን አየሁና «እሺ» አልኩ።

በበዓሉ ዋዜማ መኪናውን በአራት ሰው አሸክመው ወሰዱት። ሚስቴ የጓዳውን በር ዘጋችው፤ ሬሳ የወጣበት ቤት መሰለኝ። እኔም አዳራሹ ውስጥ ሆኜ በአንድ ትልቅ የጥድ ሳንቃ ላይ ኮከቡን፣ ማጭዱንና መዶሻውን ቀረጽኩ። በትእዛዙ መሠረት የኮከቡን አንዲት ጠርዝ ብቻ ሊቀ መንበሩ እንዲቀርጻት ተውኩለት። ምርቃት መሆኑ ነው። አንዲት አጭር ቀጥ ያለች መስመር።

በነጋታው አዳራሹ ሞላ። ሊቀ መንበሩ አዲስ ካኪውን ለብሶ መኪናው ፊት ተቀመጠ። ፔዳሉን እኔ ልርገጥልዎት ስለው ከለከለኝ፤ ሁሉንም ራሱ ሊያደርገው ነው።

«አንድ ነገር ልብ ይበሉ» አልኩት፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት እስኪሰሙ ድረስ። «በዚህ መደወያ ዜሮ አሥር ነው።»

ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሰማችሁ? ዜሮ አሥር ነው ይለኛል! ይሄ የባላባቶች ሒሳብ ነው። ለገበሬው ዜሮ ሰጥተው አሥር ሰጠን የሚሉት እንዲህ እያሉ ነው!»

ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። እሱም በራሱ ነገር ሳቀ። ቀጠልኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

«የጎኑን፣ አራት።»

ፔዳሉን ረግጦ አራት ደወለ። መስመሯ በደንብ ወጣች። ልቡ አበጠ።

«የፊቱን ስንት?»

«ምንም። የፊቱን አይንኩት፤ ጨርሰዋል።»

«ምንም ማለት ዜሮ ነው» አለኝ፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዳ አስተማሪ። ጣቱን ዜሮ ላይ ከቶ አዞረና ለቀቀው።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ስለቱ የኮከቡን ሆድ ይሰነጥቅ ጀመር። «ፔዳሉን ይልቀቁ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ግን የደነገጠ ሰው ነውና ጭራሽ አጠበቀው። ከዚያ ያደረገውን እስከ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። መኪናውን ለማቆም ብሎ ዜሮን ደገመው። ስለቱ ከኮከቡ ወጥቶ ማጭዱን ቆርጦ አለፈ።

አሻጥር የሚለው ቃል ከአንድ ሰው አፍ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ግን የማን አሻጥር? ጣቱን ሁሉም አይቶታል፤ ዜሮ አሥር ነው ማለቴንም ሁሉም ሰምቶታል። ሊቀ መንበሩም ይህን ቀስ ብሎ ያሰበው ይመስለኛል። ተነሣ፣ ካኪውን አስተካከለ።

«የሙከራው ደረጃ በድል ተጠናቋል!» አለ።

ያ ሁሉ ሕዝብ አጨበጨበ። እኔም ቀኝ እጄ አልታዘዝ ሲለኝ በግራዬ ጭኔን መታሁ።

መኪናው «ለሰፊው ሕዝብ ገና ያልበሰለ ነው» ተብሎ በዚያው ሳምንት በራሳቸው ሸክም ጓዳዬ ተመለሰ። ሚስቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ጠበቀችው። ሳንቃው ግን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ይሰቀላል ተብሎ ለበላይ ሪፖርት ተደርጎ ነበርና፣ ካልተሰቀለ ለምን የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስንጥቁን በወረቀት አበባ ሸፈኑት፤ አበባው ሲረግፍ ስንጥቁ ታየ። ያ መንግሥት እስኪወድቅ ድረስ በየስብሰባው ከሥሩ ተቀምጠን ሊቀ መንበሩ «የተያዘ አድኃሪ፣ ዜሮ!» ሲል ሰማነው።

ከወደቀ በኋላ ይህ ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ቤቴ መጣ። ጋቢ ደርቧል፣ ሽጉጡ የለም። ድሮ አንተ ይለኝ የነበረው አሁን አንቱ አለኝ፤ እኔም አጸፋውን አንተ አልኩት።

«የሠፈሩ ሽማግሌዎች ነገ ስለ ሊቀ መንበርነቴ ሊጠይቁኝ ነው» አለ። «በእርስዎ መኪና ያን ዓርማ የቆረጥኩት ሆን ብዬ እንደነበር ይመስክሩልኝ። ዜሮ አሥር መሆኑን ነግረውኝ አልነበር? አውቄ ነው ያደረግኩት። የውስጥ ተቃዋሚ ነበርኩ።»

አየሁት። ያን ጊዜ ያቃጠለኝ ንቀት ሳይቀዘቅዝ ተመለሰ። ወደ ጓዳ ወሰድኩት፣ መኪናው ፊት አስቀመጥኩት፣ አሮጌ ሳንቃ አሰርኩና ሞተሩን አስነሳሁ።

«እንግዲህ አሳየኝ» አልኩት። «ፔዳሉን ርገጥ። የጎኑን ሦስት። የፊቱ እንዳይሄድ።»

ሦስት ደወለ። ከዚያ ጣቱ የፊተኛው መደወያ ላይ ተንጠለጠለ። አየኝ። መደወያውን አየ። ባዶ ሊተወው አልቻለም፤ ዜሮ ላይ ከቶ አዞረው።

ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ምቱን ጮክ ብላ እየቆጠረች አሥር ደረሰች። ሳንቃውን ፈታሁና አስታቀፍኩት።

«ይኸው ምስክርህ» አልኩት። «ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው።»