ሲለጠጥ የሚታየው ቀለም

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሷ አዲስ ጓንት ስታጠልቅ የጎማው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ የመቱ ከተማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የምሰማ መሰለኝ።

አስራ አንደኛ ክፍል ነበርን፤ ግንቦት መጨረሻ። ክፍላችን በቀንም ይጨልማል፣ እርጥብ ሹራብና ጭቃ ይሸታል። የፊዚክስ መምህራችን ከተሰበሩ ካልኩሌተሮች የላጧቸውን ሁለት ስስ ፕላስቲኮች ደርበው መስኮቱ ላይ ያዟቸው፤ አንዱን ሲያዞሩት ብርሃኑ ጠፋ። በመሃላቸው ከጓንት የተቆረጠ ጎማ አስገብተው ሲለጥጡት ግን ጎማው ብቻውን በራ። መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ሆነ።

«ውስጡ የተጠላለፉ ክሮች አሉ» አሉ። «ስንስበው በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ምን ያህል እንደተሳበ ቀለሙ ይነግረናል።»

ከኖፓ መጥታ መቱ ቤት ተከራይታ የምትማረው የወንበር ጓደኛዬ ጎማው ላይ ጠጠር በከረጢት አንጠልጥላ እየጨመረች፣ መልሳ እየቀነሰች ታይ ጀመር።

«ቲቸር» አለች፣ «ክብደቱን ስቀንስ ቀለሙ ቅድም በዚሁ ክብደት ያየነው አይደለም።»

መምህራችን ደጋግመው አዩ። «እውነትሽን ነው። ምክንያቱን ግን አላውቅም፤ አንብቤ እነግርሻለሁ።»

ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ሳቀች።

በማግስቱ አልመጣችም። እናቷ አልጋ ይዘዋል፣ ታናናሾቿን የሚይዝ የለም ተባለ። ቅዳሜ ከመምህራችን ጋር በሚኒባስ ኖፓ ሄድን። የሳሙና አረፋ ከእጇ እየጠረገች ደጅ ወጣች። ከውስጥ የእናቷ ሳል ይሰማል። መምህራችን እያካፋባቸው ያነበቡትን ነገሯት።

«በጣም ሲለጠጥ ከተሰለፉት ክሮች አንዳንዶቹ ተያይዘው ይጠጥራሉ። ጭነቱ ቢቀንስም ቶሎ አይላቀቁም፤ ቀለሙም የሚዘገየው ለዚያ ነው።»

«አልተሳሳትኩም ማለት ነው» አለች በቀስታ።

«አልተሳሳትሽም። ተመለሽ፣ አብረን እንቀጥላለን።»

ይሄኔ እናቷ በኦሮምኛ ጠሯት። «ዱፌ፣ ሃርሜ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ መጣሁ፣ እማዬ ማለቷ ነበር።

እናቷ ክረምቱ ሳያልቅ አረፉ። እሷም ልጆቹን ልታሳድግ እዚያው ቀረች፤ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ያን ቅዳሜ ግን ይህን ገና አላወቅንም።

ስንመለስ መቱ ላይ ወረድን። መናኸሪያው ጋ መምህራችን ጃንጥላቸውን ሰጡኝና ጥቂት ሄደው ዞር አሉ።

«አንቺስ ሰኞ ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ፣ ቲቸር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው በዝናቡ ውስጥ ሄዱ።