አጎቴ የሞረዱት እጀታ

ስለ አጎቴ መልካም መልካሙን ብቻ ጻፊ ተብያለሁ። እኔን ግን የልጃቸው ሥራ አንገሽግሾኛል።

አጎቴ በጦሩ የዒላማ ተኩስ ቡድን ውስጥ የተወዳደሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ተወዳዳሪዎች ሽጉጥ ሊያስመርጧቸው መካነ ሰላም ድረስ ይመጡ ነበር። አንዱ የሚያብረቀርቀውን ካነሳ፣ «ተወው። ዓይንህን ጨፍነህ ክንድህን ዘርጋ፤ ስትገልጥ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ ካላረፈ ያንተ አይደለም» ይሉታል። የራሳቸውን ሽጉጥ የወይራ እጀታ ለመዳፋቸው ልክ እስኪሆን ዓመታት ሞርደውታል። ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ግን አይወዱም። «ሰማዩ ምን በደለህ?» ብለው ከሠርግ ተነሥተው ሲሄዱ አይቻለሁ።

በቀብራቸው ዕለት፣ ገና አፈር ሳይለብሱ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰው ልጃቸው ያንኑ ሽጉጥ መዝዞ ሰማዩን ደበደበው። «ወላሂ፣ ጀግና እንዲህ ነው የሚሸኝ!» ይላል ደግሞ። ያጨበጨቡለትም አሉ!

በሣልስቱ ጥይቱን አውጥቶ ሽጉጡን አቀበለኝ።

«ይሄ እጀታ ይቆረቁራል፤ ላስሞርደው ነው» አለኝ።

የአባቱ አውራ ጣት የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ዳሰስኩት። የኔም ጣት አልሞላውም።

«እጀታው ምንም አልሆነም» አልኩት። «የጠፋው እጁ ነው።»