በአሥራ ሰባተኛው ቀን የታየችው ሴል

የሆስፒታሉ ሰዎች «ንስር» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ደም ስትመረምር የኖረች የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሥራ ላይ ሳለች ቤቱ ቢናድ ቀና አትልም። ያን ሰሞን ግን አንድ በሽተኛ ልቧን ሰቅሎት ነበር።

ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ደም የሚመረትበትን የአጥንቱን መቅኔ ካንሰር አበላሸውና ሐኪሞቹ በከባድ መድኃኒት ጠራርገው አጠፉት። በምትኩ ፀጉር ሠሪ ከሆነችው ታናሽ እህቱ የዳሌ አጥንት በመርፌ የተቀዳ መቅኔ በደም ሥሩ ገባለት። አዲሱ መቅኔ አጥንቱ ውስጥ ተደላድሎ ነጭ የደም ሴሎችን እስኪያመርት ድረስ ሰውየውን ከበሽታ የሚከላከልለት አንድም ወታደር የለውም። ተራ ጉንፋን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ለብቻው በመስታወት የተከለለ ክፍል ተሰጥቶት፣ እህቱ ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ በስልክ ታጫውተዋለች።

በየጠዋቱ የላቦራቶሪው በር ላይም አትጠፋም።

«እትዬ፣ ዛሬስ?»

«ውጤት የሚነግርሽ ዶክተሩ ነው፣ እህቴ» ትላታለች ንስር። ፊቷ ግን ያሳብቅባታል።

«መቅኔዬ እኔን መስሎ አርፋጅ ይሆናላ!» ትላለች ፀጉር ሠሪዋ፣ እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች።

መቅኔው በገባለት በአሥራ ሰባተኛው ቀን የነጭ ሴል ቆጣሪው ማሽን እንደ ልማዱ «ዜሮ» አለ። ንስር አላመነችውም። ጠብታ ደም ስላይድ ላይ አስፍታ፣ ቀለም አጠጥታ፣ ዓይኗን ተከለች። ቀይ ሴል፣ አሁንም ቀይ ሴል... ድንገት እጇ ቀጥ አለ። ቀለሙ ሐምራዊ ያደረጋት አንዲት ነጭ ሴል! ወዲያው ደግሞ ስጋት ገባት። ያ ካንሰር ተመልሶ ቢሆንስ? አተኩራ አየቻት። አይደለም! መሐሏ ሦስት ቦታ የተቆነጠረ፣ የበሰለች፣ ጤነኛ ነጭ ሴል ናት። ስላይዱን ፈቀቅ ስታደርገው ሌላ አገኘች። ከዚያም ሌላ!

ስልኩን አፈፍ አደረገች። «ዶክተር፣ ቶሎ ና!»

«ማሽኑ እኮ ምንም የለም ይላል።»

«ማሽኑን ተወውና በዓይንህ እይ!»

ወጣቱ ሐኪም ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። አየ። ደግሞ አየ። ግንባሯን ስሞ ተመልሶ ሮጠ። ንስርም ጓንቷን አውልቃ ተከተለችው፤ በሥራ ሰዓት ወንበሯን ጥላ ስትወጣ ያያት ሁሉ ጉድ አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ወሬውን ስትሰማ ቦርሳዋን ጥላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

«ጋሼ! መጡ! መጡልህ!»

«እነማን?» አለ ሹፌሩ ከአልጋው ላይ ቀና ብሎ።

«ሴሎቼ ናቸዋ!»

ሰውየው ተነሥቶ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፤ እሷም ከወዲህ በኩል መዳፏን ገጠመችበት። ንስር ስታለቅስ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ቁጥሩ በየቀኑ እየጨመረ ሄዶ ሹፌሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ገባ። አዲሱ መቅኔ ግን ሹፌሩ በልጅነቱ የተከተበውን አያውቅምና ክትባቱን እንደገና መጀመር ነበረበት። ዓመት ሊሞላው ሲል ንስር በክትባት ክፍሉ በኩል ስታልፍ፣ ሕፃናት ካቀፉ እናቶች መሐል ተሰልፎ አገኘችው።

«እትዬ፣ ከዚህች ጥርስ ካላወጣች እመቤት ቀጥሎ ተራው የኔ ነው!» አላት ጮክ ብሎ።

«አይዞሽ እትዬ፣ እንዳያለቅስ እጁን እይዝለታለሁ» አለች አጠገቡ የቆመችው እህቱ፤ እናቶቹም በሳቅ ፈረሱ።