የቁጥር ሦስት ፕላስተር

ወንድሜን ሰፈሩ «ሚዛኑ» ይለዋል። ፎቶ አንሺ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ግን ካሜራው ሳይሆን የጎረቤታችን የወርቅ ሠሪው ሚዛን ነው። አዲስ የካሜራ ባትሪ በገዛ ቁጥር ፎቶ ቤቱን ለእኔ ጥሎ ወደዚያ ይሮጣል።

«ደግሞ መጣህ? አቅልጬ ቀለበት ልሥራልህ?» ይለዋል ወርቅ ሠሪው።

እሱ መች ሰምቶ! የእውነተኛውን ባትሪ ክብደት ደብተሩ ላይ ጽፎ ይዟል። ያስመዝናል፣ ያስተያያል፣ ቀለል ካለ ለሻጩ ይመልሳል። «ፎርጅድ ሆዱ ባዶ ነው፣ እትዬ» ይለኛል። ታላቅ እህቱ ነኝና ከልጅነቱ ጀምሮ እትዬ ብሎኝ ነው ያደገው።

ሚዛኑን ያለፈች ባትሪ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍባታል። በላዩ ላይ ቁጥሯንና የተገዛችበትን ቀን በእጁ ይጽፋል። አንዴ ፕላስተር የተለጠፈባትን ግን ሁለተኛ አይመዝናትም፣ አያገላብጣትም፤ ጽሑፉን አይቶ ካሜራው ውስጥ ይከታታል። ቻርጅ የሚያደርጋት በቀን ነው፣ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ እሳት ብትነሳ እንዳይዛመት ሴራሚክ ላይ። ሆዷ ትንሽ ነፋ ካለ አለቀላት፣ ከሥራ ትወጣለች። እኔ በዚህ ሁሉ ስቄበታለሁ። «ሚስት እንዲህ ብትፈልግ ኖሮ ይኼኔ አያት ነበርክ» እያልኩ አሾፍበት ነበር፣ አፌን ይቁረጠውና።

አራት ባትሪ ነበረው። የምረቃ ሰሞን ሲደርስ ቁጥር ሦስት ደከመች፤ ሙሉ ተሞልታ ሃምሳ ፎቶ ሳታነሳ ቀጥ ትላለች። የካሜራው ፋብሪካ ወኪል ዘንድ አዲስ አዘዘ። ሁለት ሳምንት ጠብቅ አሉት።

«ባትሪ እኮ መንገዱን ሞልቶታል» አልኩት።

«ወኪሉ ካጣ ስሙ የታወቀና ዋስትና የሚሰጥ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን እገዛለሁ። ማን እንደሠራው የማላውቀው ነገር ግን ካሜራዬ ውስጥ አይገባም። ነገ ሰው ፊት ነው የምይዘው፣ እትዬ።»

ትዕግሥት ሲታደል እኔ የት እንደነበርኩ እንጃ። በማግስቱ ከመንገድ ላይ ሻጭ በሲሶ ዋጋ ገዛሁ። መልኳ ቁርጥ የኦርጅናሉ ነው፤ አንዲት ፊደል ብቻ ዘመም ብላ ታትማለች። እጄ ላይ ቀለል አለችኝ፤ አላወቅኩም ብዬ አልዋሽም። ወርቅ ሠሪው ጋ ከሄደች እንደማታልፍ ስለገባኝ፣ ከአሮጌዋ ላይ ፕላስተሩን በጥፍሬ ልጬ ልክ በዘመመችው ፊደል ላይ ለጠፍኩት። አሮጌዋን መሳቢያ ውስጥ ፖስታዎች ሥር ደበቅኳት። ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

«ቁጥር ሦስት ነፍስ ዘራች እንዴ?» አለኝ ቻርጅ ሲያደርጋት።

«አርፋ ይሆናል» አልኩት።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ በር ላይ ፎቶ የሚያዙትን እመዘግባለሁ። ወንድሜ ሁለት ሦስት ጊዜ አንስቶ ቆም አለ፤ ካሜራው ባትሪዬ ሙሉ ነው እያለ ድንገት ጠፋ። ሥሩን በመዳፉ ዳሰሰውና ፊቱ ተለወጠ።

«ገለል በሉ! ገለል!»

ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ፣ ጭሱ ተከተለ። ከፊቱ ጋውን የለበሱ ልጆች ተሰልፈዋል፣ ከኋላው እናቶችና አባቶች። የት ይጣለው? እጁን ዘርግቶ እንደያዘው ሮጠ፣ በአጠገቤ አለፈ፣ ግቢው ውስጥ ካለው አሸዋ ደርሶ ወረወረው። ሲያርፍ ቦግ አለ። የቀኝ መዳፉ ቆዳ ከካሜራው ጋር ቀረ። ወይኔ ወንድሜን!

ሐኪሙ እጁ ይድናል አለ። ወንድሜ ግን ቤት ገብቶ ተቀመጠና ፎቶ ቤቱን እዘጋለሁ አለኝ።

«ለካሜራ ብለህ?»

«ካሜራ ይገዛል። መዝኜ፣ በገዛ እጄ ቁጥር ሰጥቼ ያሳለፍኳት ባትሪ ናት። እንዴት አለፈችኝ? ልጆቹ ላይ ብትፈነዳስ? እትዬ፣ ከእንግዲህ ዓይኔን አላምነውም።»

ሦስቱን ደህና ባትሪዎችም አይነኩም ብሎ ለብቻ አስቀምጧቸዋል። ሃያ ዓመት የኖረበትን ሥራ ነው የሚተወው። የታሰረ እጁን እያየ እንባው ወረደ፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «አይዞህ» እላለሁ። እንዴት ያለ አፍ ነው የሰጠኝ!

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይኼኛው ግን እኔ ካልተናገርኩ ማን ያጠራዋል? እሱ እንደሆነ ፎቶ ቤቱን የሚረከብ ሰው መፈለግ ጀምሯል። በአራተኛው ቀን አሮጌዋን ባትሪ ከመሳቢያው አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ።

«እውነተኛዋ ቁጥር ሦስት ይቺ ናት። የነደደችውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ፕላስተሩንም ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ዓይንህ ምንም አላጠፋም።»

ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። በግራ እጁ አነሳት፣ ወደ ላይ ወደ ታች አለና ክብደቷን ለካ።

«ይቺ እኮ አረጀች እንጂ አልዋሸችኝም» አለ።

«ስደበኝ፣ ወንድሜ። ምታኝ።»

«ልጆች ነበሩ» አለ።

ሰኞ ፎቶ ቤቱ ተከፈተ። ካሜራ ከጓደኛው ተዋሰ። ወኪሉ የላከው ባትሪ ሲደርስ እጁ እንደታሰረ ወርቅ ሠሪው ጋ ሄደ፤ ሰውዬው የዚያን ቀን አልቀለደም። ተመልሶ መጣና ፕላስተሩን በጥርሱ ለመቁረጥ ይታገል ጀመር። ላግዘው እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው፣ እኔ እቆርጠዋለሁ» አለኝ። እትዬ አላለኝም።

በግራ እጁ ተንጋዶ ቁጥሩን ጻፈ፣ ለጠፈ፣ ድሮ ጠረጴዛው ላይ ይውል የነበረውን ጥቅልል የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተ። የፎቶ ቤቱ ቁልፍ እንደ ድሮው እኔ ጋ ነው፤ የገንዘቡም ሣጥን እኔ ጋ ነው። እትዬ ማለቱንም ከርሞ ጀምሯል። ፕላስተሩ ግን እስከ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ነው።