ከሙሾው የቆረጥኩት ዝምታ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፣ ወንድሜን ተቀይሜ ስልኩን አለማንሳቴን ሳይቀር ተናዝዣለሁ። ይቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ምን ብዬ እጀምርላቸዋለሁ? «አባ፣ አንድ ድምፅ አጥፍቻለሁ» ብላቸው፣ «የማን ድምፅ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ነው የሚያስፈራኝ። ስለዚህ ፊትህን ለማላየው ለአንተ፣ ለአንባቢው ልንገርህ።

በስደት በምኖርበት ከተማ ዳር፣ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ነው የምሠራው፤ ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻውን መኪና፣ እነዳለሁ። ልቤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች ላይ ነው። ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው፣ ዝናብ የመታው አስፋልት፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ሴት፣ ከኋላቸው ደግሞ ጃዝ። የምወዳቸው፣ ሰዉ ሁሉ ሲዋሽ ሙዚቃው ስለማይዋሽ ነው። ሰውየው ፈገግ ብሎ በሩን ሲከፍት ትራምፔቱ አፉን ታፍኖ ያቃስታል፤ የሰውየውን ሞት ከራሱ ከሰውየው በፊት ያውቃል። አንድ የሚገርም ነገርም አለ። ብቸኛዋ ሳክስፎን በሁሉም ውስጥ የነበረች ይመስለናል። ደግመህ ስታያቸው ግን አብዛኞቹ በኦርኬስትራ የታጨቁ ናቸው፤ ጃዙ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ባለታሪኩ የምሽት ክበብ ሲገባ ነው። በየጎዳናው ላይ ሳክስፎን የጨመርንባቸው እኛው ነን፤ በኋላ የመጡ ፊልሞችና የእኛ ጆሮ። ያልነበረ ድምፅ የሚሰማ ሰው እንግዲህ እብድ አይባልም። የነበረውን አልሰማሁም የሚል ምን እንደሚባል ግን አላውቅም።

ክሌር የምትባል ልጅ እዚያው አቅራቢያ ላቨርተን ኖርዝ ውስጥ፣ በመጋዘኖቹ መሀል፣ እንደዚያ ያለ አጭር ፊልም ሠራች። ድምፁን የማቀናብረው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር፤ ከፎርክሊፍቱ የሚያወርደኝ መስሎኝ ነበር። ነፍሰ ገዳዩ ሴትዮዋን በኮንቴይነሮች መሀል ለሚከተልበት ትዕይንት ሳክስፎን አስፈለገ። ጃዝ ይሁን፣ ግን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ይሁን አለችኝ። እኔም ጋሼ ወርቁን አሰብኩ።

ጋሼ ወርቁ ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡሩ መስመር አጠገብ ባሉት ፎቆች የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በምሽት ክበብ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ዘፋኝ አልነበሩም። ጋሼ ሲጫወቱ ግን ከወጥ ቤት ሆነው በማንጎራጎር ይቀበሏቸዋል፤ ሁልጊዜም ከምቱ ዘግይተው። «አስካለ ጣቢያ የምትደርሰው ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው» እያሉ ጋሼ ያሾፉባቸው ነበር። እቤታቸው ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ያንን አዘጋገይ ከማንም ጋር አላምታታውም።

እትዬ አስካለ ሆስፒታል ተኝተው ሞቱ። በዚያች ሰዓት ጋሼ ልብስ ሊቀይሩ ቤት ገብተው ነበር። አጠገቧ ሳልኖር ሄደች፣ ተቀይማኛለች እያሉ ይብሰለሰሉ ጀመር። ሳክስፎኑን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት፤ ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ዘፈን አልነፋም አሉ። እኔ የሄድኩት ያን ጊዜ ነው። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ሙዚቃ ተጫወትልኝ ማለት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። ሄድኩ፣ ደግሜ ሄድኩ፣ ለመንኩ። በመጨረሻ ማምለጫውን ያገኘሁላቸው እኔው ነኝ፤ ዘፈን ቢቀር ሙሾ ይንፉልኝ፣ ሳክስፎን ቢያለቅስ ማን ይከሳል አልኳቸው። እሺ አሉ፤ ግን አስማሉኝ።

«በሙሾ አልቃሽ ታወርዳለች፣ ተቀባይ ትቀበላለች። እኔ አወርዳለሁ፤ ለእሷ የምትቀበልበትን ቦታ እተውላታለሁ። ያን ቦታ እንዳትነካብኝ» አሉ።

አልነካም ብዬ ማልኩ።

ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ማይኩን ተከልኩ፤ ነፉ። ያወርዳሉ፣ ያቆማሉ፣ አንገታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ያወርዳሉ። እዚያ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ሌላ ነገር አልነበረም። ሲጨርሱ ሳክስፎኑን ጠረጉና ከእንግዲህ አልነፋም አሉ።

ቤቴ ገብቼ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅሁ። በመጀመሪያው ክፍተት ላይ ማንጎራጎር አለ። ስስ ነው፤ የሴት ነው። ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ሳክስፎኑ ካቆመ በኋላ ጥቂት ዘግይቶ ይገባል፣ ዝቅ ይላል፣ ያልቃል። በሚቀጥለውም አለ። በየክፍተቱ አለ፤ እየዘገየ። ከጎረቤት ነው አልኩ። የጎረቤቱ ተከራይ ግን ለቅቆ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ባዶ ወለሉን ራሴ አይቼ ነበር ያለፍኩት። ሬዲዮ ነው አልኩ። ሬዲዮ ሌላው እስኪጨርስ ይጠብቃል እንዴ? የጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? እሳቸው ጋ መሮጥ ነበራ። እኔ ግን ፈራሁ፤ ደግሞም ክሌር ትጠብቀኝ ነበር። ትዕይንቱ አጭር ነው፣ ሙሾው ረጅም። በእኛ ሥራ ማንም የማይናገርበት፣ ምንም የማይነፋበት ቦታ ባዶ ይባላል፤ ይቆረጣል። ቆረጥኩት። ክፍተቶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ የሳክስፎኑን ጫፍና ጫፍ ገጠምኩ። ከዚያም ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት። ኃጢአቴ እሱ ነው፤ እኔ፣ በገዛ እጄ፣ አጠፋሁት። ያ ነገር ቤቴ እንዲያድር አልፈለግሁም።

ተቀባይ ያጣው ሙሾ ትንፋሽ ያጠረው፣ የሚያባርሩት ሰው መሰለ። ክሌር በጣም ወደደችው። ፊልሙ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ጋሼ ወርቁ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሴትዮዋ በኮንቴይነሮቹ መሀል ትሮጣለች፣ ገዳዩ ይከተላታል፣ ለእትዬ አስካለ የተለቀሰው ለቅሶ እግር በእግር ያሳድዳታል። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቁ ነበር። ሳክስፎኑ አላቆመም። ሴትዮዋ ተገደለች፤ ሰዉ አጨበጨበ።

ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እሱ ይሁን፤ ፊልም ነው፣ ኤዲት ማድረግ ሥራህ ነው። ሙሉው አንተ ዘንድ አለ። የእኔ ጆሮ ደክሟል፣ ያን ቀን የሰማሁት ነገር የለም። አንተ በማሽን ሰምተኸዋል። ተቀብላኛለች?»

ቀልድ ሊያስመስሉት ፈገግ ብለው ነበር፤ ክንዴን ግን አልለቀቁም። አዎ ብል አሰማኝ ይሉኛል። አሰማኝ ካሉኝ ማጥፋቴ ሊታወቅ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰላሁት።

«ምንም የለም ጋሼ። ዝምታ ብቻ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ተቀይማኝ ነው የሄደችው» አሉና ክንዴን ለቀቁት።

ወደ ባቡሩ ብቻቸውን ሄዱ። በመኪና ላድርስዎት እንኳ አላልኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ግን ቃሌን ለማጠፍ ጊዜ ነበረኝ። ቤታቸውን አውቀው ነበር። ሺፍት አለብኝ፣ ደክሞኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እያልኩ አልሄድኩም። ሞቱ። ቀብራቸው ላይ አፈር ከመለሱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

ፈርቼ ነው ልበልህ? የመጀመሪያ ሥራዬ ስለነበረ ነው ልበልህ? አልልም። አንድ ሽማግሌ ምሕረት ሲለምን ምሕረቱ መጥቶለት ነበር፤ መሀል ገብቼ ያስቀረሁበት እኔ ነኝ። አሁን መጋዘኑ ውስጥ ማሽኖቹ ሲቆሙ እኔም አንገቴን ዘንበል አድርጌ እጠብቃለሁ። ምንም አይሰማም። ያ ድምፅ ቢመጣ ይህን ያህል አልፈራም ነበር።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ማለት የአንተ አይደለም። የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጋሼ ወርቁ፣ ዋሽቼዎታለሁ። እትዬ አስካለ ተቀብለውዎት ነበር፤ በየመሀሉ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ።