«ነጋ እኮ» ይሉ የነበሩት አጎቴ

አጎቴ «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ደህና» ብለው አያውቁም። «ነጋ እኮ፣ አልሐምዱሊላህ» ነበር መልሳቸው። የቀድሞ ወታደር ናቸውና፣ ሳዑዲ መጥተው ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ የመጋዘን ዘበኛ ከሆኑ በኋላም የወታደር ቀልዳቸው ያልለቀቃቸው መስሎን እንስቅ ነበር። ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ በሩን እያዩ ነበር የሚቀመጡት።

ባለፈው ወር ራሳቸውን አጠፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ልባቸው ነው» ተባለ።

የምሠራው ከደማም አጠገብ ባለችው ኾበር ከተማ ውስጥ፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው። ራሱን ሊያጠፋ የተቃረበን የቀድሞ ወታደር ከደሙ የሚለይ ምልክት ተመራማሪዎች እየፈለጉ ነው። ይፈልጉ፣ ያግኙትም! የአጎቴን ደም ግን ስንቴ መርምሬዋለሁ፤ ስኳሩም ኩላሊቱም ደህና ነበር። እሳቸው በየጠዋቱ በአፋቸው የነገሩንን ነው ማናችንም ያልሰማነው።

ዛሬ ጠዋት ዐቅረቢያ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ወንበራቸው እዚያው ግድግዳው ሥር ባዶውን አለ፤ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ባለቤታቸውን «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

«ነጋ እኮ» አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

ክው አልኩ። ወንበሩን ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩበት።

«ሌሊቱስ?» አልኳቸው። «እሱን ይንገሩኝ። የትም አልሄድም።»